የልጄ ካርታ የቦታ ካርታ ስላለመሆኑ

ቀን፦ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይዞታ ሰነዶች ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

አመልካች፦ ፊልጶስ ወልደ ዮሐንስ፣ ጡረተኛ ሹፌር
አድራሻ፦ ጎንደር፣ ቀሐ

ጉዳዩ፦ በታሸገ ሱቅ ውስጥ የቀረ አንድ ስልክ በጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ፊት ተከፍቶ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በጽሕፈት ቤትዎ የታሸገው የአቶ ቢሻው መዝሙር የስልክ ጥገና ሱቅ ሥራ ይጀምር ብዬ አልመጣሁም። ማጣራቱ ይቁምም አላልሁም። ሐሰተኛ የቦታ ሰነድ የሚሠራ ሰው ካለ መያዙ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ይጠቅማል። የእኔ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው። በዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጠረጴዛ ሥር ባለው መሳቢያ፣ ባትሪው የወጣ አንድ አሮጌ ስልክ አለ። ልጄ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ማሳየት የሚችለው ያ ስልክ ብቻ ነው። ወጥቶ ይታይልን፤ ታይቶ ይመለስ፤ ሱቁም እንደገና ይታሸግ። የምለምነው ይህን ነው። ለምን እንደምለምን ከዚህ ቀጥሎ አስረዳለሁ።

1. ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ሹፌር ነበርሁ። መስመሬ ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስ አልፎ ወደ ሰሜን የሚሄደው ነው። ልጄ አንዱዓለም ሥራ የጀመረው በእኔው አውቶቡስ ረዳት ሆኖ ነው። ኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣና አሸዋ የሚያመላልስ ገልባጭ ነዳ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል ለሹፌርነት ወደ ኦማን ሄደ። እዚያ የሚነዳው የውሃ ቦቴ ነው። ከከተማ ርቀው በረሃ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ሰፈራቸው ድረስ ውሃ ያደርሳል።

2. በእኛ አገር መንገድ የጠፋበት ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። "አያ፣ በየት ነው?" ይላል። "እዚችው ናት" ይሉታል። እዚችው የተባለችው ግማሽ ቀን ልታስነዳ ትችላለች፤ ቢሆንም የጠየቀ ሰው አይጠፋም። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የነዳሁት እንዲህ ነው፤ ካርታ ይዤ አላውቅም። ልጄ ሊሄድ በተዘጋጀበት ሰሞን ግን ከዚያ የተመለሱ ሹፌሮች የነገሩት ሌላ ነበር። በበረሃው ቆሞ የሚጠየቅ ሰው የለም። መንገዱም በየቀኑ ነፋስ የሚያጠፋው የጎማ ዱካ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ጂፒኤስ ያለው ካርታ አስጭኖ መሄድ ነበረበት።

3. ካርታውን የጫነለት አቶ ቢሻው ነው። የአንዱዓለም የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ሱቁም ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለው ነው። ያኔ በከተማችን የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። ቢሻው ዘንድ ግን በመስመር የሚመጣ ዋይፋይ ስለነበረ የአገሩን ካርታ በሙሉ ማውረድ ተቻለ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ። እኔም አብሬ ተቀምጬ ነበር። ስልኩ ቦታ አልበቃው ሲል አንዱዓለም የጥምቀት ፎቶዎቹን አጥፍቶ ለቀቀለት። ካርታው አንዴ ከተጫነ በኋላ ኔትወርክ ባይኖርም እንደሚሠራ፣ ያለህበትን ቦታ ከሳተላይት እንደሚያውቅ ቢሻው አስረዳን። እኔ በሹፌር አእምሮዬ፣ ሳተላይቱ ራሱ መንገዱን ማንን እንደሚጠይቅ ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ እሱ አይጠይቅም፤ ያያል" አለኝ። ያን ዕለት መልሱ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ቢሻው ከዚያ ርቀቱን በኪሎ ሜትር አደረገለት፤ ቤንዚን ማደያና ሆስፒታል የሚያሳየውን ከፈተለት፤ በእንግሊዝኛ "ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ" የምትለውን ሴት ድምፅ ጨመረለት። አማርኛ የምትናገር አልተገኘችም። ልጄ በምልክት የሚያስቀምጣቸውን ቦታዎች ግን በፈለገው ቋንቋ መሰየም ይችል ነበር። ቃሌ በጽሕፈት ቤትዎ በስሕተት የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ክቡር ኃላፊ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

4. አንዱዓለም የዓረብኛ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ እዚያ እንደ ደረሰ ቦታዎቹን በእኛ አገር ስም ጠራቸው። ውሃ የሚሞላበትን ጣቢያ "ቀሐ" አለው፤ እንደ ቀሐ ወንዛችን ውሃ ያለበት ነው፤ ቤታችንም ቀሐ ነው፤ ጉዞው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ከጣቢያው ቀጥሎ ዳገቱ ላይ ያለውን የሠራተኞች ሰፈር "አምባ ጊዮርጊስ" አለው። የመጨረሻውንና ሩቁን ሰፈር "መካነ ብርሃን" ብሎ ሰየመው። ሲደውል "ዛሬ ከቀሐ ሞልቼ አምባ ጊዮርጊስ አራግፌ ተመለስሁ" ይለናል። እኛም ሳናስበው እንዲሁ ማውራት ለመድን። ባለቤቴ ወይዘሮ የትነበርሽ አንድ ቀን ለጎረቤት "አንዱዓለም አምባ ጊዮርጊስ ነው ያለው" ብትል፣ ጎረቤቷ እዚህ ቅርብ ሆኖ እናቱን ሳይጠይቅ ይቀራል ብላ ልጁን ታዘበችው።

5. ልጄ ሲሄድ አሮጌ ስልኩን ትቶልን ነበር። ቢሻው በአንድ አካውንት አገናኛቸውና፣ ወደ ከተማችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲመለስ፣ በኦማን ያለው ስልክ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ልጁ ያለበት ቦታ እዚህ ባለው አሮጌ ስልክ ላይ በሰማያዊ ነጥብ ይታይ ጀመር። እኔ የያዝሁት ስልክ ለመደወልና ለመቀበል ብቻ ነው። አሮጌውን የምትጠብቀው የትነበርሽ ነበረች። በካርታው ላይ ካለው ጽሑፍ የምታነበው ልጇ የሰየማቸውን ሦስቱን ስሞች ብቻ ነው፤ እነሱ በቂዋ ነበሩ። ነጥቡ ወደ ቀሐ ሲመለስ ካየች እራቷን ትበላለች።

6. እሑድ የካቲት 2 ቀን ደወለ። በማግሥቱ ከቀሐ ሞልቶ መካነ ብርሃን እንደሚሄድ፣ የተለመደውን መንገድ አሸዋ ስለያዘው ካርታው በሌላ በኩል ሊወስደው እንደሆነ ነገረን። እናቱ "ምነው፣ ሰው ጠይቀህ አትሄድም?" አለችው። እሱም "እማ፣ እዚህ የሚጠየቅ ሰው ቢኖር ካርታው ምን ይሠራልኝ ነበር?" አላት። ከዚያ ስለ ጾሙ መግቢያ አውርተው ስልኩ ተዘጋ።

ሰኞ ነጥቡ ከቀሐ ወጥቶ አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፍ የትነበርሽ አይታለች። ማክሰኞ ጠዋት የአሮጌው ስልክ ባትሪ አብጦ የጀርባውን ክዳን ፈንቅሎት አገኘነው። እኔው ራሴ ወደ ቢሻው ወሰድሁት። ቢሻው ያበጠውን ባትሪ አውጥቶ፣ አዲሱ ነገ እንደሚገባለት ነግሮኝ ስልኩን ከመሳቢያው አኖረው። ረቡዕ የካቲት 5 ቀን ሱቁ ታሸገ።

7. የታሸገበት ምክንያት የሱቁ ማስታወቂያ መሆኑን ቢሻው ነግሮናል። ማስታወቂያው "የውጭ አገር ካርታ በግማሽ ሰዓት እንሠራለን" ይላል። ክቡር ኃላፊ፣ በዚህ ከተማ ካርታ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው የቤት ቦታ ካርታ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ማስታወቂያው የተሰቀለ ሰሞን አንዲት እናት የቤታቸውን ሰነድ በፌስታል ይዘው ገብተው፣ "ለውጭ አገር ሰው ብቻ ነው እንዴ? እኛስ ልጆቼ?" ብለው እንደነበር ሰምቻለሁ። ማስታወቂያውን እንዲቀይር ለቢሻው ነግሬዋለሁ። እሱ ግን "ጋሼ፣ ሰው ያነበዋል፣ ይስቃል፣ ይገባል፣ ስልኩን አሠርቶ ይሄዳል" አለኝ። በግማሽ ሰዓት ካርታ የሚሰጥ መኖሩን የሰማ የቁጥጥር ሠራተኛ ግን እንደማይስቅ ሁለታችንም አላሰብንም።

8. ሱቁ በታሸገ በሁለተኛው ቀን እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። የጠየቀኝ ወጣት ባለሙያ ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እሱ በሚያውቀው ቃል ጠየቀኝ፤ እኔም በማውቀው ቃል መለስሁለት።

ከሱቁ ካርታ የወሰድሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ልጄ ወስዷል አልሁ። የየትኛው ቦታ እንደሆነ ጠየቀኝ። የውጭ አገር ነው፤ ቦታዎቹን ግን ቀሐ፣ አምባ ጊዮርጊስና መካነ ብርሃን ብሎ አስመዝግቧቸዋል አልሁ። "ስንት ካሬ ነው?" አለኝ። እኔም ጥያቄው ስለ ስልኩ መስሎኝ "አገሩን በሙሉ ነው የጫነው" አልሁት። እስክሪብቶውን አንሥቶ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከዚያ ጻፈ።

የጻፈው ሲነበብልኝ "ምስክሩ ልጃቸው በሦስት ቦታዎች ካርታ ማውጣቱን አምነዋል" ይላል። አይደለም፣ የምንነጋገረው ስለ መንገድ ካርታ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። ቃሌ አንዴ ከተመዘገበ የሚታረመው በጽሑፍ አቤቱታ መሆኑን ነገረኝ። ፈርሜ ወጣሁ። ያን ዕለት ስለ ቃሉ ያን ያህል አልተጨነቅሁም። ልጄ በረሃ ውስጥ መጥፋቱን ገና አላወቅሁም ነበር።

9. እሑድ የካቲት 9 ቀን አልደወለም። በዘመዶቻችን ስልክ ሞከርንለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ስልኩ በተደወለ ቁጥር አንዲት ሴት በዓረብኛ ተናግራ ትዘጋለች። የትነበርሽ ሴቲቱን እስከ መጨረሻው ታዳምጣታለች። ሳትጨርስ መዝጋት ነውር ይመስላታል።

ኤጀንሲው አሠሪውን ድርጅት ጠይቆ የመለሰልን አንድ ቃል ነው፤ "ጠፍቷል" የሚል። ይህ ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አሠሪው ጠፋ ሲል ኮበለለ ማለቱ ነው፤ ቦቴውን ይዞ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል ብሎ ያስባል። ወደ ሩቁ ሰፈር በሚወስደው የተለመደ መንገድ ፈልገው አላገኙትም። በሌላኛው መንገድ አልፈለጉም፤ ካርታው በየት በኩል እንደ መራው አያውቁምና። እኛም አናውቅም። ውሃ የጫነ ቦቴ ይዞ ስለሆነ ጥማት እንደማይነካው ለየትነበርሽ እየነገርሁ አጽናናታለሁ። እሷም የሹፌር ሚስት ስለሆነች፣ ቦቴ አሸዋ ውስጥ ሲሰጥም ምን እንደሚሆን አትጠይቀኝም።

ጉዳያችንን በስልክ የተቀበሉን የቆንስላ ሠራተኛ በትዕግሥት ሰሙን። የዚያ አገር ፖሊስ ፍለጋ እንዲወጣ ልጁ መጨረሻ የነበረበትን ቦታ ካርታው በሚያሳየው መለያ ቁጥር፣ ወይም በስም ማቅረብ እንዳለብን ነገሩን። ስሙን ነገርናቸው። "አባባ፣ መካነ ብርሃን እኮ እዚያው እኛ አገር፣ ጃናሞራ ወረዳ ነው" አሉኝ፣ እሳቸው የአገራችን ሰው ናቸው። ነገሩን ሲረዱት አዘኑ። ቁጥሩን እንዳገኘን በማንኛውም ሰዓት እንድንደውል ስልካቸውን ሰጡን። ቁጥሩ ያለው መሳቢያው ውስጥ ካለው ስልክ ላይ ነው።

10. ወደ ስልኩ አካውንት ከሌላ ስልክ ለመግባት አቶ ቢሻው ሞክሯል። የይለፍ ቃሉን ያውቀዋል፤ ግን ማረጋገጫው የሚላከው በአሮጌው ስልክ ውስጥ ወዳለው ሲም ካርድ ነው። ሲም ካርዱ እንዲተካልን ወደ አገልግሎት መስጫው ሄድን። የተመዘገበው በአንዱዓለም ስም ነው። ደንቡን በመልካም ሁኔታ አስረዱን፤ ባለቤቱ ራሱ መቅረብ አለበት፤ ካልቀረበም የፈረመበት ውክልና ይምጣ ተባልን። ልጄን ለማግኘት ልጄ መጥቶ መፈረም አለበት ማለት ነው። ይህን እዚያ አልተናገርሁም። ደንቡን እነሱ አላወጡትም።

11. መጥፋቱን ለማስመዝገብ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። የተረኛው መዝጋቢ "የት ሲሄድ ነው የጠፋው?" አለኝ። ከድካሜ የተነሣ ይሁን ከልማድ፣ "ከቀሐ ወደ መካነ ብርሃን" አልሁ። ወዲያው ኦማን መሆኑን ብጨምርም መነሻና መድረሻው ተጽፎ አልቆ ነበር። ጉዳዩ ጃናሞራን ስለሚመለከት መጀመሪያ ከዚያ ማስረጃ እንዳመጣ ታዘዝሁ።

ክቡር ኃላፊ፣ ሄድን። ሌላ የሚደረግ ነገር ስላልነበረ ሄድን። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀን በደባርቅ በኩል ወጣን። ያን መንገድ ወጣት ሳለሁ ነድቼዋለሁ፤ አሁን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እያንዳንዱን መታጠፊያ ከሹፌሩ ቀድሜ አውቀው ነበር። መካነ ብርሃን የነበረው ፖሊስ ነገሩን ከሰማ በኋላ አልሣቀብንም። "አያ ፊልጶስ፣ እዚህ የለም ብዬ እጽፍልዎታለሁ፤ የምችለው ይህን ነው" አለኝ። ጻፈልኝ፤ ማኅተም አደረገበት። ቅጂውን አያይዣለሁ።

የገበያ ቀን ነበር። እኔ ደብዳቤውን ስጠብቅ የትነበርሽ የልጇን ፎቶ ይዛ ወደ ገበያው ወርዳ አገኘኋት። የምትፈልገው መካነ ብርሃን ያ እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች፤ ስሙን ከካርታው ላይ በየቀኑ ስታነብ የኖረችው እሷ ናት። ሆኖም ትጠይቅ ነበር። አንድ በግ የሚሸጡ ሽማግሌ ፎቶውን አቅርበው፣ አርቀውም አይተው፣ "ሸጋ ልጅ ነው። በዚህ ግን አላለፈም" አሏት። አመሰገነቻቸው። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ "አንዱን መካነ ብርሃን ጠየቅነው፤ የቀረው ሌላው ነው" አለችኝ።

ደብዳቤውን ለፖሊስ ጣቢያው አቀረብሁ። በጃናሞራ አለመጥፋቱ ስለተረጋገጠ መዝገቡ ተዘጋ።

12. ወደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት ያለ ጽሑፍ ደጋግሜ መጥቻለሁ። ፋይሉ የሕግ ባለሙያው ዘንድ ነው፤ የሕግ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ናቸው። እሽጉን መንካት የሚችለው ያሸገው ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው የሕግ ባለሙያው ሲመለሱ ነው። ማንም አልተቆጣኝም፤ ሁሉም "ይጠብቁ አባት" ብለውኛል። በሥራዬ ዘመን ተሳፋሪ መናኸሪያ ውስጥ አስቀምጬ ይጠብቁ ስል እኔም በክፋት አልነበረም፤ ስለዚህ ይገባኛል። ግን የሚጠበቅ ነገር ሁሉ እኩል ጊዜ አይሰጥም። ነጥቡ የቆመበት ቦታ አሸዋ ነው፤ በዚያ አገር አሸዋ መንገድ እንደሚያጠፋ የነገረን አንዱዓለም ራሱ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) ጽሕፈት ቤቱ በመረጠው ሠራተኛ ፊት ሱቁ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ፣ አቶ ቢሻው ለስልኩ ባትሪ አስገብቶ፣ ልጄ መጨረሻ የታየበት ቦታ ቁጥር በወረቀት እንዲገለበጥልኝ። እኔ ወደ ውስጥ መግባት የለብኝም ከተባለ ደጅ እቆማለሁ። ቢሻውም አይግባ ከተባለ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ስልኩን አውጥቶ ደጃፉ ላይ ይክፈተው።

ለ) ስልኩ በማስረጃነት የሚያስፈልግ ከሆነ እዚያው ይቅር፤ አንወስደውም። የምንፈልገው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ የኦማን በረሃ እንጂ የጎንደር ወይም የጃናሞራ መሬት አለመሆኑን ሠራተኛው በዚያው ሰዓት በዓይኑ ስለሚያየው፣ ለማጣራቱም ሳይጠቅም አይቀርም።

ሐ) በእኔ ቃል ላይ "ካርታ" ተብሎ የተመዘገበው ሹፌር መንገድ የሚያይበት የስልክ ካርታ ተብሎ እንዲታረምልኝ።

ሦስቱን አንድ ላይ መፈጸም የማይቻል ከሆነ "ሀ" ይቅደም። "ሐ" ይቆይ፤ ሳይታረም ቢቀርም ቅሬታ የለኝም። ልጄ በሦስት ቦታ ካርታ አውጥቷል ተብሎ መከሰስ ካለበት፣ ለመከሰስም ቢሆን መገኘት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔም በራሴ ቤት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ለማግኘት ካመለከትሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስሜ በዚህ ማጣራት ውስጥ ስለገባ ያ ማመልከቻ መታገዱ ተነግሮኛል። ይህን አቤቱታ የጻፍሁት እሱ እንዲንቀሳቀስ አይደለም። የቤቴ ካርታ ጨርሶ ይቅርብኝ ብዬ መፈረም ነገሩን የሚያፋጥን ከሆነ እፈርማለሁ። የቤቴን ቦታ ያለ ካርታም አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ ከታሸገው ሱቅ ፊት ለፊት፣ የልብስ ሰፊው ደረጃ ላይ በየቀኑ ትቀመጣለች። ተነሺ ብላት እንቢ አለችኝ። ባለፈው ሰኞ ግን ተነሥታ፣ ሳትነግረኝ ወደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት ብቻዋን መጥታ ኖሯል። ጥበቃው ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት "የልጄን ካርታ" አለችው። እሱም ሥራውን ነው የሠራው፤ "እናቴ፣ ካርታ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ልጅዎ ራሱ ይምጣ" አላት። እሷም "እኔስ ምን አልሁ ልጄ፤ እሱ ይምጣ ነው እኮ የምለው" ብላ ተመልሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ክቡር ኃላፊ፣ ከዚህ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ከእኔና ደጅ ከምትጠብቀው እናቱ ሰላምታ ጋር፣

ፊርማ፦
ፊልጶስ ወልደ ዮሐንስ
(የአንዱዓለም አባት)